የዋልት ዊትማን ወረቀቶች

አሜሪካዊው ገጣሚ ዋልት ዊትማን ትምህርት ቤትን የተሰናበተው በ11 ዓመቱ ነው። ዘመኑ 1830 ነበር፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አናጺ አባቱ የሎንግ አይላንድን ገጠር ትቶ ቤተሰቡን ወደ ብሩክሊን ያመጣው ቤት እየሠራ በመሸጥ ሊያልፍለት አስቦ ነበር። አላለፈለትም። ልጁ ትንሽ ጊዜ በጠበቆች ቢሮ ተላላከ፤ በ12 ዓመቱ ደግሞ «ሎንግ አይላንድ ፓትሪየት» የተባለ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ገብቶ ፊደል ለቀማ ተማረ። የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ ገልብጦ እያነበቡ፣ መስመር መሙላት። ገጣሚው ጽሑፍን የተዋወቀው በመጀመሪያ በጣቱ ነው ማለት ይቻላል። ወረቀት ለእሱ የሚቆረጥ፣ የሚታጠፍ፣ የሚሰፋ ዕቃ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ብጣሽ ወረቀት ጥሎ አያውቅም።

በ1838፣ በ19 ዓመቱ፣ በተወለደበት በሀንቲንግተን አካባቢ «ሎንግ አይላንደር» የሚባል የራሱን ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋመ። ዜናውን የሚጽፈው፣ ፊደሉን የሚለቅመው፣ የማተሚያ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ነበር። ጋዜጣው ሲታተም ደግሞ በፈረስ ተጭኖ መንደር ለመንደር እየዞረ ለደንበኞች ያድላል። አንድ ዓመት ሳይሞላው ሸጠው። ጋዜጣው ከእሱ በኋላም ብዙ ዘመን ቆየ፤ ዊትማን ያዘጋጃቸው እትሞች ግን አንድ ቅጂ እንኳ አልተገኘላቸውም። የወረቀቶቹ ታሪክ የሚጀምረው እንግዲህ በጠፋ ወረቀት ነው።

ከዚያ ኒው ዮርክ ገብቶ ጋዜጣ ከጋዜጣ ተዘዋወረ። በ1842 «አውሮራ» የተባለውን አዘጋጀ፤ በ1846 «ብሩክሊን ዴይሊ ኢግል» በአዘጋጅነት ቀጠረው። ብሩክሊን ያን ጊዜ ከኒው ዮርክ የተለየች፣ በጀልባ የምትደረስ፣ በየቀኑ የምታድግ ከተማ ነበረች። ዊትማን የከተማዋን ኑሮ እያንዳንዷን ጉዳይ ይጽፋል፦ የመንገድ ቆሻሻ፣ በትምህርት ቤት የሚገረፉ ልጆች፣ የጀልባ ማቋረጫው፣ የቲያትር ቤቶቹ ትርኢት። ሁለት ዓመት ያህል ሠራ። ሥራውን ያሳጣው የባርነት ጉዳይ ነው። ከሜክሲኮ በጦርነት በተወሰደው መሬት ላይ ባርነት እንዳይስፋፋ በርዕሰ አንቀጾቹ ደጋግሞ ተከራከረ፤ የጋዜጣው ባለቤት የወግ አጥባቂው የዴሞክራት ወገን ሰው ነበርና በጥር 1848 አሰናበተው። ወዲያው ከወንድሙ ጋር ወደ ኒው ኦርሊንስ ወርዶ «ክሬሰንት» በሚባል ጋዜጣ ሦስት ወር ሠራና ተመለሰ። በዚያው ዓመት መስከረም ባርነትን የሚቃወም «ብሩክሊን ፍሪማን» የተባለ ጋዜጣ ከፈተ። የመጀመሪያው እትም ወጣ፤ ወዲያው ከተማዋን የመታው ታላቅ ቃጠሎ ቢሮውን በላው።

ከጋዜጠኝነት ሙያው የቀረለት አንድ ልማድ ነበር፤ ትንሽ ደብተር በኪስ መያዝ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ እንደ አባቱ ቤት እየሠራ ሲሸጥ እንኳ ደብተሩ አይለየውም። በዚያን ጊዜ ደብተሮቹ ውስጥ ያለው ነገር የተቀላቀለ ነው፦ የሰው አድራሻ፣ የዕዳ ሒሳብ፣ ከመጽሐፍ የተቀዳ ሐሳብ። በአንደኛው ደብተር ለአንድ ልብ ወለድ ያሰበውን የታሪክ ፍሰትና የገጸ ባሕርያቱን ስም ጽፏል፤ ከስሞቹ አንዱ ጃክ ኤንግል ነው። ይህ ገጽ ወዴት እንደሚመራ ከ160 ዓመት በላይ ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ከሁሉ የከበረው ደግሞ ተመራማሪዎች በመጀመሪያ ገጹ ላይ ባለው ስም «ቶልቦት ዊልሰን» የሚሉት ደብተር ነው። ሲጀምር ተራ ማስታወሻ ነው። ጥቂት ገጽ ሲገለጥ ስድ ንባቡ በድንገት ይሰበርና መስመር መስመር ይሆናል፤ ቤት የማይመታ፣ ምጣኔ የማይጠብቅ፣ ረጅም ትንፋሽ ያለው ግጥም። የሚናገረው ሰው ራሱን በባሪያውና በጌታው መካከል አቁሞ ለሁለቱም እናገራለሁ ይላል። ለእኔ በወረቀቶቹ ሁሉ ውስጥ ከዚህ ገጽ የሚበልጥ የለም። ጋዜጠኛው ስለ ባርነት ሕግ ሲከራከር ኖሮ ተባረረ፤ ገጣሚው ያንኑ ጉዳይ አንሥቶ ከሕግ ክርክር አወጣውና የነፍስ ጉዳይ አደረገው። ያ መሸጋገሪያ በሌላ በየትም አልተመዘገበም። በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ገጣሚው አልቆለትና ተደላድሎ ነው የምናገኘው፤ ደብተሩ ላይ ግን ገና ሲፍጨረጨር፣ ሲሰርዝ፣ አንዱን ቃል በሌላ ሲተካ እናየዋለን።

የግጥም መጽሐፉ «የሣር ቅጠሎች» በ1855 ብሩክሊን ውስጥ በሮም ወንድማማቾች ማተሚያ ቤት ታተመ። 12 ግጥም፣ 795 ቅጂ፤ በርዕስ ገጹ ላይ የደራሲው ስም የለም፣ ከፊት ለፊቱ ፎቶግራፉን የመሰለ ሥዕል ብቻ። ከገጾቹ አንዳንዶቹን ፊደል የለቀመው ራሱ ነው። በዘመኑ ትልቁ የአሜሪካ ሊቅ ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ደብዳቤ ጽፎ አወደሰው፤ ዊትማን ደብዳቤውን ሳያስፈቅድ በጋዜጣ አወጣው። የመጽሐፉ የእጅ ጽሑፍ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ ጠፋ። ዊትማን በስተርጅና ሲያወራ ወይ እሳት ተለኩሶበታል ወይ ለቡትቶ ሰብሳቢ ተሰጥቷል ብሏል። የእጅ ጽሑፉ እንዲህ ከጠፋ የግጥሙ አነሳስ የሚታወቀው በእነዚያ የኪስ ደብተሮችና በጥቂት ብጥስጣሽ ወረቀት ብቻ ነው።

በታኅሣሥ 1862 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን አጋምሶ ነበር። የኒው ዮርክ ጋዜጣ በፍሬድሪክስበርግ ውጊያ የቆሰሉትን ሲዘረዝር የወንድሙን የጆርጅን የሚመስል፣ ፊደሉ የተዛባ ስም አወጣ። ዊትማን በዚያው ቀን ተነሥቶ ወደ ደቡብ ገሰገሰ። ጆርጅን ፋልመዝ ከሚገኘው ሰፈር አገኘው፤ ጉንጩ ላይ ከተጫረው በቀር ደኅና ነበር። ሆኖም በጊዜያዊው ሆስፒታል ደጃፍ ከዛፍ ሥር የተከመረ የተቆረጠ እጅና እግር አየ። ወደ ብሩክሊን ለመኖር አልተመለሰም። ዋሽንግተን ቀርቶ በቀን ጥቂት ሰዓት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጽሑፍ እየገለበጠ ዳቦውን ያገኛል፤ የቀረውን ጊዜ ሆስፒታል ለሆስፒታል ይዞራል።

የጦርነቱ ደብተሮች የተሠሩት ወረቀት አጥፎ በመርፌ ቁልፍ በማያያዝ ነው፤ ኪስ ውስጥ ከገቡ በኋላ አውጥቶ ለመጻፍ አይከብዱም። የሚመዘግበው የወታደሩን ስም፣ ክፍለ ጦሩን፣ የክፍልና የአልጋ ቁጥሩን፣ የቆሰለበትን ቦታ ነው። ቀጥሎ የሚጻፈው ነገር ነው ሰውን የሚይዘው። አንዱ ብርቱካን ይፈልጋል፤ አንዱ ትንባሆ፤ አንዱ የደብዳቤ ወረቀትና ቴምብር፤ አንዱ የሚያነበው ነገር። ዊትማን በማግስቱ በከረጢቱ ይዞላቸው ይመጣል። ለማይጽፉት ይጽፍላቸዋል፤ ለሞቱት ለእናታቸው ይጽፋል። አርመሪ ስኩዌር የሚባለው ሆስፒታል በመርከብ ማረፊያው አጠገብ ስለነበር የከበደ ቁስል ያለው ሁሉ እዚያ ይወርዳል፤ እሱም ይበልጥ የሚያዘወትረው እዚያ ነበር። በኋላ ሲያሰላው በሆስፒታሎቹ ባሳለፈው ሦስት ዓመት ከ600 ጊዜ በላይ ቁስለኞችን እንደጎበኘ፣ ከ80,000 እስከ 100,000 በሚደርሱ ቁስለኞችና ሕሙማን መካከል እንዳለፈ ጽፏል። ደብተሮቹን እንዳሉ አስቀመጣቸው፤ የደም ጠብታ ያረፈባቸውም ነበሩባቸው። እዚህ ላይ ዘጋቢውና ገጣሚው አይለዩም። ስሙን በትክክል ጻፍ፣ ቦታውን ጻፍ፣ የጠየቀህን አትርሳ፤ የጋዜጣ ቤት ሥነ ሥርዓት ነው፣ ፍቅርም ነው።

በ1865 በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የጸሐፊነት ሥራ አገኘ። ጠረጴዛው ውስጥ የ1860ውን «የሣር ቅጠሎች» እትም ያስቀምጥ ነበር፤ በሰማያዊ ወረቀት የተሸፈነ፣ ዳር እስከ ዳር በእርማት የሞላ ቅጂ። ሚኒስትሩ ጄምስ ሃርላን ያንን መጽሐፍ አግኝቶ አነበበውና በነውር ቆጥሮት ሰኔ 30 ቀን ጸሐፊውን አባረረው። ወዳጆቹ በማግስቱ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት አስገቡት፤ እዚያ ለዓመታት የመንግሥት ደብዳቤ በእጁ ሲገለብጥ ኖረ። ሰማያዊው መጽሐፍ ዛሬ በኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የተገለበጡት ደብዳቤዎችስ? ማንም የግጥም ሰው አልፈለጋቸውም ነበር።

ጥር 1873 ግማሽ አካሉ ሽባ ሆነ። በዚያው ዓመት እናቱ ሞተች፤ እሱም ፊላዴልፊያ ማዶ ባለችው ካምደን ወንድሙ ዘንድ ተጠጋ። በ1884 በ1,750 ዶላር ሚክል ጎዳና ላይ አነስተኛ የእንጨት ቤት ገዛ፤ በሕይወቱ የራሱ የሆነው ብቸኛ ቤት ነው። ፎቅ ላይ ባለችው ክፍሉ ወለሉ አይታይም ነበር። ደብዳቤ፣ ረቂቅ፣ የተቆረጠ ጋዜጣ፣ የታሰረ ደብተር እስከ ጉልበት ተከምሮ ተቀምጧል። የቤት ሠራተኛዋ እንዳታስተካክልበት ይከላከላል። እሱ ግን ከወንበሩ ሳይነሣ በምርኩዙ ጫፍ እየገፋ የሚፈልገውን ያገኛል።

ከመጋቢት 1888 ጀምሮ ሆረስ ትራውበል የሚባል የካምደን ወጣት በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጎበኘው ነበር። ትራውበል የባንክ ጸሐፊ ነው፤ ማተሚያ ቤትም ሠርቷል። ሽማግሌው ከክምሩ ውስጥ ደብዳቤ እየመዘዘ ይሰጠዋል፤ ይህን ውሰድ፣ ጠብቀው፣ አንድ ቀን ይጠቅምሃል ይለዋል። ትራውበል ቤቱ ሲገባ የዕለቱን ወግ ይጽፋል። በዚህ መልክ የተከማቸው ማስታወሻ ታትሞ ዘጠኝ ትልልቅ ጥራዝ ወጥቶታል፤ የመጀመሪያው በ1906፣ የመጨረሻዎቹ በ1996። ዘጠና ዓመት! የተከማቸን ወረቀት ለአንባቢ ማብቃት ይህን ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል።

ዊትማን መጋቢት 26 ቀን 1892 ሞተ። ወረቀቶቹን በአደራ የተረከቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ትራውበል፣ የትራውበል የእህቱ ባል የሆነው ጠበቃው ቶማስ ሃርነድ፣ ከካናዳ ደግሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኃላፊ የነበረው ሐኪሙ ሪቻርድ ሞሪስ በክ። ሦስቱም ይወዱት ነበር፤ መውደዳቸው አያጠያይቅም። ያደረጉት ግን ክምሩን ሦስት ቦታ መከፋፈል ነው። የአንድ ግጥም ረቂቆች እንኳ ተለያይተው በተለያየ ሰው ቤት አደሩ። ባለሞያዎች ዛሬም ድረስ እነዚህን ለማገናኘት ይደክማሉ። ክፍፍሉ በክፋት አልተደረገም፤ ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው።

በክ ቶሎ ሠራ። በእጁ የደረሱትን ብጥስጣሾች ገልብጦ በ1899 በ225 ቅጂ አሳተመ። በ1902 በበረዶ ላይ ተንሸራትቶ ወድቆ ሞተ፤ ድርሻው ከቤተሰቡ ጋር ቆይቶ በ1930ዎቹ አጋማሽ በጨረታ ተሸጠ። ከተሸጠው ብዙው በአንድ ሐኪምና በባለቤቱ እጅ ተሰብስቦ ለዱክ ዩኒቨርሲቲ ተበረከተ። ሃርነድ ከሦስቱ አስተዋዩ ነበር እላለሁ፤ ድርሻውን ሳይሸጥ፣ ሳይበትን በ1917 ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ከዚያ ውስጥ 24 ደብተሮች ነበሩ፤ «ቶልቦት ዊልሰን»ም አንዱ ነው። ኤሞሪ ሆሎዌይ የሚባል ተመራማሪ ከደብተሮቹ ብዙ ገልብጦ በ1921 አሳተመ። ሆሎዌይ ያን ጊዜ ምን ያህል ታላቅ ውለታ እንደዋለ አላወቀም።

ከሃርነድ ስጦታ መካከል አንድ እንግዳ ዕቃም ነበር፤ ከካርቶን የተቆረጠች ቢራቢሮ። ዊትማን ቢራቢሮ ጣቱ ላይ አርፋ የተነሣው ፎቶግራፍ ታዋቂ ነው፤ የአየር ፍጥረት ሁሉ ወዳጁ እንደሆነ ለሰው ይናገር ነበር። ኤስተር ሼፐርድ የምትባል ተመራማሪ በ1930ዎቹ ካርቶኗን ከወረቀቶቹ መካከል አግኝታ ነገሩን ገለጠችው። የፋሲካ መዝሙር የታተመባት፣ በጣት ላይ የምታሰር ጌጥ ነበረች። ዊትማን ሊያጠፋት ይችል ነበር፤ አላጠፋትም፣ ከወረቀቶቹ ጋር አስቀመጣት። ይህን ሳስብ ሰውየውን ይበልጥ እወደዋለሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፐርል ሃርበር ከተመታች በኋላ ዋሽንግተን ቦምብ ፈራች። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የከበሩ ንብረቶቹን በሣጥን አሽጎ ከከተማው ርቀው ወደሚገኙ መጠለያዎች ላከ፤ የሃርነድ ደብተሮችም በ1942 አብረው ሄዱ። በ1944 ተመልሰው ሲከፈቱ አሥር ደብተሮችና ቢራቢሮዋ የሉም። ተፈለጉ፤ አልተገኙም። ቤተ መጻሕፍቱ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ብዙ ተቋም አያደርገውም፤ ኀፍረቱን ሳይደብቅ በ1954 የጠፉትን አንድ በአንድ የሚገልጽ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መልካቸው፣ የገጽ ብዛታቸው፣ በውስጣቸው ያለው ነገር ሁሉ ተዘርዝሯል። ለ50 ዓመት ተመራማሪዎች «ቶልቦት ዊልሰን»ን ያነበቡት ሆሎዌይ በገለበጠው በኩል ነው።

በዚህ መካከል የትራውበል ድርሻ ሌላ መንገድ ሄደ። ቻርልስ ፋይንበርግ የዲትሮይት የነዳጅ ነጋዴ ነበር፤ ገና ወጣት ሳለ አንድ የዊትማን ደብዳቤ ገዝቶ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰበስብ ኖረ። ትራውበል በ1919 ከሞተ በኋላ ባለቤቱና ልጁ የጠበቁት ክምር በአብዛኛው ወደ ፋይንበርግ ገባ። ከ1969 ጀምሮ ስብስቡ ወደ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተዛወረ፤ ከሃርነድ ድርሻም እጅግ የሚበልጥ ነው።

በጥር 1995 አንድ ሰው ሟች አባቱ የተወለትን አሮጌ ደብተሮች ዋጋ ለማስገመት ወደ ኒው ዮርኩ የሶዝቢ ጨረታ ቤት አመጣ። የጨረታ ቤቱ ባለሞያዎች ከ1954ቱ ዝርዝር ጋር አነጻጸሯቸው፤ ከጠፉት አሥር ውስጥ አራቱ ናቸው። ቢራቢሮዋም አብራ አለች። የካቲት 24 ቀን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሱ። ከተመለሱት አንዱ «ቶልቦት ዊልሰን» ነው። ደብተሩ ራሱ በእጅ ሲገባ ግልባጩ የማይናገረው ነገር ታየ፦ የተቆረጡ ገጾች፣ የተረፉ ጠርዞች፣ የተለያየ ጊዜ ጽሕፈት። ድሮ ሁሉም የ1847 ሥራ ነው ሲሉ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ግጥሙን ወደ 1850ዎቹ፣ «የሣር ቅጠሎች» ከመታተሙ ጥቂት ቀደም ወዳለው ጊዜ አወረዱት። ስድስቱ ደብተሮች እስካሁን አልተመለሱም። እኔ ተቃጥለዋል ብዬ አላምንም። አራቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት በሰው ቤት ከኖሩ ስድስቱም ምንነታቸውን የማያውቅ ሰው ዘንድ ሊኖሩ ይችላሉ።

ወረቀቶቹ በኮምፒዩተር መነበብ ሲጀምሩ ግን ፍለጋው መልኩን ለወጠ። በ2011 ኬኔት ፕራይስ የተባለ ምሁር በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ዊትማን ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ሳለ የገለበጣቸውን ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰነዶች እንዳገኘ ታወቀ። ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ ነጻ የወጡትን ጥቁሮች መብት ስትሟገትበት የነበረው ደብዳቤ በገጣሚው እጅ አልፎ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ዛካሪ ተርፒን መጣ፤ ያን ጊዜ በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነው። የጃክ ኤንግል ስም ባለበት በዚያ የደብተር ገጽ ላይ ያሉትን ስሞች ወስዶ በዲጂታል የጋዜጣ ክምችት ውስጥ ፈለጋቸው። የመጋቢት 13 ቀን 1852 የኒው ዮርክ ታይምስ ማስታወቂያ ወጣለት፤ የጃክ ኤንግል ታሪክ «ሰንዴይ ዲስፓች» በተባለ ጋዜጣ በተከታታይ ይወጣል ይላል። የጸሐፊው ስም የለም። የጋዜጣው ቅጂ ደብተሮቹ ባሉበት በዚያው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ተርፒን ገጹ ተነሥቶ እንዲላክለት ጠየቀ፤ ሲመጣ ደብተሩ ላይ ያሉት ስሞች ሁሉ አሉ። በስድስት ክፍል የወጣ ሙሉ ልብ ወለድ ነበር፤ በየካቲት 2017 እንደገና ታተመ። ደብተሩና ጋዜጣው በአንድ ተቋም ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ሳይገናኙ ኖረዋል።

በ2019 ገጣሚው የተወለደበት 200ኛ ዓመት ሲከበር ቤተ መጻሕፍቱ የዊትማንን ገጾች በኢንተርኔት ከፍቶ ማንኛውም ፈቃደኛ እያነበበ እንዲገለብጣቸው ጠራ። አንዱ የገለበጠውን ሌላው ያመሳክራል፤ ያልተስማሙበት ቃል እንደገና ይታያል። የሆስፒታሉ ደብተሮች፣ ረቂቆቹ፣ ደብዳቤዎቹ በዚያ ተራ ገብተዋል። ሥራው የፊደል ለቃሚ ሥራ ነው፤ መስመር በመስመር፣ አንድ ቃል ሳይዘሉ።